ማዳም አጥናፉ

ኪርሽበርግ ላይ ወረድኩ፣ ትራሙ ነፃ ነው፤
ሉክሰምበርግ መድረስ ሳይሆን፣ መግባት ነው ዋጋ ያለው።
ኅዳር ነው፤ ጉም ወርዶ ሕንፃዎቹን ከወገብ በላይ ቆርጧቸዋል፤
የኔ ቀጠሮ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ጉሙ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ ዙር ነው።
የመጀመሪያው በስልክ፣ በሦስት ደቂቃ ያለቀ፣
ሁለተኛው ከማሽን ጋር፣ ካሜራው ዐይኔን እየጠበቀ፣
«ፈገግ ይበሉ» የሚል ጽሑፍ፣ መልሶ ፈገግ የሚል ሰው ሳይኖር፤
ሦስተኛው የቁጥር ፈተና፣ ሌሊት፣ ከጎረቤት ሕፃን ለቅሶ ጋር።

እንግዳ ተቀባይዋ ባጅ አተመችልኝ፤
ማሽኑ ስሜን በአንድ ፊደል ቆርጦ፣ አባቴን ሙሉውን አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ።
«ማዳም አጥናፉ!» አለ አንዱ በሩን ከፍቶ፤
ዘወር አልኩ፣ አባቴ የመጣ መስሎኝ ባርኔጣውን ደፍቶ።

ሦስት ናቸው። ሙሴ ቲል፣ ፊቱ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ የማይታጠፍ፤
ማዳም ቫይለር፣ እስክሪብቶዋ ከኔ ቃል ቀድሞ የሚጽፍ፤
ሦስተኛው ከኤድንብራ በስክሪን የመጣ፣ ድምፁ ከከንፈሩ ኋላ የሚቀር፣
አፉ ተናግሮ ሲጨርስ ቃሉ ገና መንገድ ላይ የነበር።

«ስለ ራስዎ ይንገሩን።»
እኛ ዘንድ ራስን ማውራት ነውር ነው፤ እዚህ ነውሩ ዝም ማለት።
እናም ስለ አንዲት ሴት አወራሁ፣ ቆራጥ፣ ፈጣን፣ የማትሳሳት፣
በእንግሊዝኛዬ ውስጥ ብቻ የምትኖር፣ እኔም ባገኛት የምቀጥራት።

«የስምዎ ትርጉም?» አለ ስክሪኑ። «ስንዱ፣ የተሰናዳች» አልኩት፤
የሦስት ሳምንት ዝግጅቴ ቀርቶ፣ ይህን ነው ሳልንተባተብ የመለስኩት።

«ማዳም አጥናፉ» አለ ሙሴ ቲል፣ «የሰው ገንዘብ ይዘው ያውቃሉ?»
ጥያቄው እኔን አልፎ ወደ ባለ ስሙ ሄደ፤ እነሱ መልስ ይጠብቃሉ።

አሰላ። የሰፈሩ እድር። የጣውላ ሣጥን፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፤
አባቴ የሞተውን በቀይ ሰርዞ፣ የገባውን በሰማያዊ የሚጽፍ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ደብተር ያዥ።
ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ አራት ብረት ድስት፣ ሁለት መቶ አሥር ብርጭቆ፤
ለቀስተኛ ሲበተን እሱ ነው የሚቀረው፣ የጎደለውን ከየቤቱ ጠይቆ።
አንድ የካቲት አርባ ሁለት ብር ጎደለ። ሌሊቱን ሦስቴ ደመረ፤
በነጋታው ሰዓቱ እጁ ላይ የለም፤ ሒሳቡ ግን ሰመረ።
ከዚያ ወዲያ ስንት ሰዓት ነው ስንለው፣ ጥላውን ነበር የሚያየው።

ይህን ሁሉ ተናገርኩት? ይመስለኛል።
ማዳም ቫይለር መጻፍ አቆመች።
የኤድንብራው ሰውዬ ፊቱ ባለበት ደረቀ፣
ልቡ ተነክቶ ይሁን መስመሩ ተበጥሶ፣ ማን አወቀ።

«ትርፉ» አለ ሙሴ ቲል፣ «በዓመት ከመቶ ስንት ነበር?»
«ትርፍ የለውም። ሰው ሲሞት ይከፈላል።»
«ታዲያ ለአደጋ መጠባበቂያው?»
«አደጋውማ እርግጥ ነው» አልኩት፣ «የማይታወቀው ተራው ነው እንጂ።»
ማንም አልሳቀ።
እኔን ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጉልበቴን ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጥኩ።

ስለ ደመወዝ ሲጠይቁኝ ትንሽ ቁጥር ጠራሁ፤
ማዳም ቫይለር ቅንድቧ ሲነሣ፣ ምን ያህል እንዳነሰ ተረዳሁ።
ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የት እንደማይ ጠየቁኝ፤
መስኮቱን አየሁ። ጉም ነው። «እዚህ» አልኩ።
«እናሳውቅዎታለን።»

መውጫው በር ባጅ ካልዋጠ አይከፈትም።
በቀጭኗ ቀዳዳ አባቴን ከተትኩት፤
ወደ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሌሎች ስሞች ላይ ሲያርፍ ሰማሁት።
እኔ ወጣሁ፣ እሱ ገባ።
ጎንበስ ብዬ ሣጥኑን አየሁት፤ ባለ አንድ ቁልፍ ነው።
አባቴ ቢሆን አይረከብም ነበር።